ቢራቢሮዎቹ ከየት መጡ? ግልጽ ደብዳቤ ለአንባቢ

ውድ አንባቢ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ላስቸግርዎ ፈልጌ ነው። ኒው ዮርክ የሚኖሩ ከሆነ፣ ወይም ዘመድ ሊጠይቁ ወደዚያ ብቅ የሚሉ ከሆነ፣ አንድ ቀን ማንሃተን፣ ሴንትራል ፓርክ አጠገብ ወዳለው የአሜሪካ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ጎራ ማለትዎ አይቀርም። ልጅ ካለዎት ደግሞ የዳይኖሰሩ አጥንት ሳይታይ እረፍት የለም። ዳይኖሰሩን ይዩ። እኔ የምለምንዎ ግን በኮሎምበስ ጎዳና በኩል ወዳለው አዲሱ ክፍል፣ ጊልደር ማዕከል ወደሚባለው፣ እንዲዞሩና የነፍሳቱን አዳራሽና የቢራቢሮውን ቤት ጊዜ ሰጥተው እንዲያዩ ነው። ስለ አካሄድዎም የምለው አለኝ፤ ብዙ ሰው ዋናውን ነገር እያለፈው ሲሄድ አይቻለሁና።

ስለ ሕንፃው ብዙ አልልም። እ.ኤ.አ. በሜይ 2023 ተከፈተ፤ ንድፉ የጂን ጋንግ ነው፤ 465 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቷል። ግድግዳው ሲሚንቶ በብረት ላይ እየተረጨ የተሠራ በመሆኑ ቀጥ ያለ መስመር አያገኙበትም። ሰው ሁሉ አንጋጦ ፎቶ ያነሳል። እርስዎም አንድ ሁለት ያንሱና ይለፉ።

ነፍሳቱ ምድር ወለሉ ላይ ናቸው። ሙዚየሙ ለነፍሳት ብቻ የተለየ አዳራሽ ሲከፍት ከሃምሳ ዓመት በላይ በኋላ የመጀመሪያው ነው። ከምድር እንስሳት ዝርያ የሚበዙት እነሱ ሆነው ሳለ ይህን ያህል መዘግየቱ ለእኔ ይገርመኛል፤ አጥቢው ሁሉ እየተሞላ በየአዳራሹ ሲቆም ጢንዚዛና ተርብ ተራ ሲጠብቁ ኖረዋል። አዳራሹ ውስጥ በመርፌ ተሰክተው በመስታወት የተደረደሩ አሉ፤ በሕይወት ያሉም አሉ። ስክሪን ትንሽ በዝቶበታል፤ ልጆቹም ከነፍሳቱ ይልቅ ስክሪኑን መነካካት ይወዳሉ። ሁሉንም የሚያስቆማቸው ግን የቅጠል ቆራጭ ጉንዳኖቹ መንደር ነው።

ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ናቸው። በአንድ በኩል ቅጠል ይቀርብላቸዋል፤ እነሱ ይቆርጡታል፣ ይሸከሙታል፣ ከጎብኚው ራስ በላይ በተዘረጋ ግልጽ ድልድይ አሻግረው ወደ ጎጇቸው ያስገቡታል። እዚህ ጋ የቆመ ሁሉ ቅጠሉን ሊበሉት ነው ይላል። አይበሉትም። አድቅቀው ፈንገስ ያበቅሉበታል፤ የሚመገቡት ያንን ፈንገስ ነው። ያርማሉ፣ ያዳብራሉ፣ የተበላሸውን ለይተው ይጥላሉ። የሰው ልጅ ሞፈር ሳይጨብጥ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ዓመታት ቀድመው ገበሬ ሆነዋል።

ዓይንዎን ወደ መስታወቱ አስጠግተው አንዲት ጉንዳን ይምረጡና ይከተሏት። ከራሷ አካል የሚበልጥ የቅጠል ቁራጭ ሽቅብ ቀጥ አድርጋ ይዛለች። ዕድል ከቀናዎት በቁራጩ ጫፍ ላይ ነጥብ የምታክል ሌላ ጉንዳን ተቀምጣ ያያሉ። ሰነፍ እንዳትመስልዎ፤ ጠባቂ ናት። በዱር ውስጥ በሠራተኛዋ ላይ እንቁላሉን ሊጥል የሚያንዣብብ ትንሽ ዝንብ አለ። አፏ በሸክም የተያዘችው ጉንዳን ራሷን መከላከል ስለማትችል ትንሿ እላይ ተፈናጣ ዝንቡን ታባርርላታለች።

አብረውኝ የነበሩት አክስቴ ናቸው፤ ከአገር ቤት ለጥየቃ የመጡ፣ ዕድሜያቸውን በእርሻ ያሳለፉ ሴት። ጉንዳኖቹን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱና፣ «ይሄን ሁሉ ተባይ በመስታወት ቤት አስቀምጦ መቀለብ!» አሉ። ቀጥለውም ወደ እኔ ዞረው፣ «ለዚህ ነው ከፍለህ ያስገባኸኝ?»

ሳቅሁ፤ ፍርዳቸው ግን ከባዶ የመጣ አይደለም። ተምች ማሳ ሲያራቁት በዓይናቸው ያዩ ሰው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2017 ኢትዮጵያ የገባው መጤ ተምች ከዚሁ ከአሜሪካ አህጉር ተነስቶ የመጣ ነው፤ በቆሎ ላይ ያደረሰውን ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል። ያ ተምች ሲያድግ ማታ ማታ መብራታችንን የሚዞረው ዓይነት የእሳት እራት ይሆናል። የእሳት እራትና ቢራቢሮ ደግሞ አንድ ወገን ናቸው። እናም ሁለተኛው ፎቅ ላይ ገንዘብ ከፍለን የምናደንቀው ቢራቢሮና በማሳችን ላይ መርዝ የምንረጭበት ተምች ሥጋ ዘመዳሞች ናቸው። ይህን ይዘው ወደ ላይ ይውጡ።

የቢራቢሮው ቤት የተለየ ቲኬት ይጠይቃል፤ ሲገዙ ሰዓቱንም አብረው ያስይዙ። ሙዚየሙ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ቢራቢሮ ያሳይ የነበረው በዓመት ለተወሰኑ ወራት ነበር፤ አሁን ዓመቱን ሙሉ ነው። እስከ 1,000 የሚደርሱ ቢራቢሮዎች፣ 80 ያህል ዝርያዎች በአንድ ጊዜ ይበራሉ። ሙቀቱ 27 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ እርጥበቱም ብዙ ነው። ክረምት ላይ ከሄዱ ካፖርትዎን አስቀድመው ያውልቁ፤ መነጽር ካደረጉ ለጥቂት ደቂቃ ምንም አይታይዎትም። ቢራቢሮ ሙቀትና ብርሃን ይወዳል፤ ጠዋትና ፀሐያማ ቀን ይመረጣል። ሲገቡ ዓይን አዋጅ ይሆንብዎታል፤ ሞርፎ የሚባለው ሰማያዊ ቢራቢሮ በአጠገብዎ ሲያልፍ ልጅዎ መሮጥ ይጀምራል። አያስሩጡት። አንድ ቦታ ቆም ካሉ እነሱ ራሳቸው ይመጣሉ፤ የላብዎን ጨው ፈልገው እጅዎ ላይ ያርፋሉ። በእግራቸው ስለሚቀምሱ፣ ሲያርፉብዎ እየቀመሱዎት ነው። ክንፋቸውን ግን አይንኩ፤ በጣት ላይ የሚቀረው ዱቄት የክንፉ ቅርፊት ነው፤ ከረገፈ አይተካም።

የሞርፎው ሰማያዊነት ከቀለም የመጣ አይደለም። የክንፉ ቅርፊት በዓይን የማይታይ ድርድር አለው፤ ብርሃን ሲያርፍበት ሰማያዊውን ብቻ አጉልቶ ይመልሳል። ክንፉን ገጥሞ ሲቀመጥ ቡናማ ይሆንና ከዓይን ይጠፋል። ብዙ ሰው በዚህ ይደመማል፤ ልክ ነው፣ የሚያስደምም ነው። ነገር ግን በአድናቆት መሃል የሚረሳ ጥያቄ አለ። እነዚህ ሁሉ ከየት መጡ? ቢራቢሮ በአብዛኛው ጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው የሚኖረው። በዚህ ቤት ውስጥ አባጨጓሬ አያዩም። እንዲህ ባሉ ቤቶች ውስጥ አበባና ፍሬ እንጂ አባጨጓሬ የሚበላው ተክል አይተከልም፤ የውጭ አገር ነፍሳት ተራብተው ከቤት እንዳይወጡ የአሜሪካ የእርሻ መሥሪያ ቤት ሕግ ጥብቅ ነው። ስለዚህ ነው ድርብ በር የተሠራው፤ ስለዚህ ነው ሲወጡ በመስታወት ፊት ቆመው ጀርባዎንና ቦርሳዎን የሚፈትሹት። እዚያው የማይወለድ ከሆነ የሚሞተውን የሚተካው ማን ነው?

መልሱ አንድ መስኮት ነው። ከመስኮቱ ጀርባ መደርደሪያ አለ፤ በመደርደሪያው ላይ በረድፍ የተንጠለጠሉ ፑፓዎች አሉ። ፑፓ ማለት አባጨጓሬው መብላት አቁሞ በልባስ ውስጥ ተዘግቶ አካሉን አፍርሶ የሚሠራበት ደረጃ ነው። አንዳንዱ የደረቀ ቅጠል ነው የሚመስለው፤ ወፍ እንዳይለየው ነው። አንዳንዱ ወርቃማ ሆኖ ያብረቀርቃል። አንዳንዱ ሲነኩት ይወራጫል። ሰዉ ይህን መስኮት በጨረፍታ አይቶ ወደሚበሩት ይቸኩላል። እባክዎ እርስዎ እዚህ ይቁሙ። ከጠቅላላው ጉብኝት ግማሹን እዚህ ቢያሳልፉ አይቆጭዎትም።

እኛ በቆምንበት ሰዓት ከታችኛው ረድፍ አንዱ ተሰነጠቀ። መጀመሪያ እግሮች ወጡ፤ ልባሱን ቆንጥጠው ያዙ። ቀጥሎ ያበጠ፣ ርጥብ ሆድ ተጎትቶ ወጣ። ክንፎቹ የተጨማደዱ ጉርድ ነገሮች ነበሩ፤ ለመብረር ቀርቶ ለመንቀሳቀስ የሚበቁ አይመስሉም። በራሱ ልባስ ላይ ተንጠልጥሎ ከሆዱ ፈሳሽ ወደ ክንፎቹ መግፋት ጀመረ፤ ክንፎቹም በዓይናችን ፊት እየተዘረጉ ወረዱ። ቀላ ያለ ጠብታ ከሥሩ ወደቀ፤ በፑፓው ዘመን የተጠራቀመ ቆሻሻ ነው። በዚህች ሰዓት ከወደቀ ክንፉ እንደተጨማደደ ይደርቃል፤ ከዚያ በኋላ አይበርም። አክስቴ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሰብስበው ሲያዩ ቆዩ። ቀስ ብለው፣ «ማርያም ማርያም» ሲሉ ሰማኋቸው።

የጉንዳኖቹን ነገር ሁለተኛ አላነሱብኝም።

እነዚያ ፑፓዎች በአውሮፕላን የመጡ ናቸው። እንዲህ ላሉ ቤቶች የሚልኩት ኮስታ ሪካ፣ ማሌዢያ፣ ኬንያና ሌሎችም ሞቃት አገሮች ውስጥ ያሉ እርሻዎች ናቸው። ንግዱ አዲስ ነው። ሕዝብ እየከፈለ የሚያየው የቢራቢሮ ቤት መስፋፋት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ነው፤ በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ባለችው የጉርንዚ ደሴት ላይ የቲማቲም ማብቀያ የነበረ የመስታወት ቤት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር። በአሜሪካ ፍሎሪዳ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1988 ቢራቢሮ ዓለም የተባለው ተከፈተ፤ ከዚያ ወዲህ በየከተማው በዛ። እያንዳንዱ ቤት በየሳምንቱ በብዙ መቶ የሚቆጠር ፑፓ ይፈልጋል። ፍላጎቱ ከየት ይሟላ ሲባል የደን ዳር ገበሬ መጣ።

በኬንያ የባሕር ዳርቻ፣ ከማሊንዲ ከተማ ብዙ ሳይርቅ፣ አራቡኮ ሶኮኬ የሚባል ደን አለ። 420 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በምሥራቅ አፍሪካ የባሕር ዳርቻ በአንድነት ከተረፉት ደኖች ትልቁ። አጠገቡ የሚኖሩት ገበሬዎች አይወዱትም ነበር፤ ዝሆንና ዝንጀሮ ከውስጡ እየወጡ ሰብላቸውን ያጠፉባቸዋል፣ እነሱ ግን ከደኑ የሚያገኙት እምብዛም ነበር። ብዙዎቹ ተመንጥሮ ለእርሻ ይሰጠን ይሉ ነበር። ማን ይፈርድባቸዋል? እ.ኤ.አ. በ1993 ግን ጌዴ በተባለው መንደር ኪፔፔኦ የሚባል ፕሮጀክት ተጀመረ። ገበሬው ከደኑ እናት ቢራቢሮ ይይዛል፤ በመረብ ቤት ውስጥ እንቁላል ያስጥላታል፤ የሚፈለፈለውን አባጨጓሬ ከደኑ ያገኘውንና በጓሮው የተከለውን ቅጠል እየመገበ ያሳድጋል። ጉንዳን፣ እንሽላሊት፣ ተርብ ሁሉም ጠላቶቹ ናቸው። ፑፓ ሲሆን ለፕሮጀክቱ ያስረክባል፤ በቁጥር ይከፈለዋል፤ ፑፓው በጥጥ ተጠቅልሎ ወደ አውሮፓና አሜሪካ ይበራል። ጊዜው ጠባብ ነው። ፑፓው ብዙውን ጊዜ በአሥር ቀን፣ ቢዘገይ በሁለት ሳምንት ይፈነዳልና ዕቃው በአንድ አየር ማረፊያ ከተጉላላ ካርቶኑ ሲከፈት የሚገኘው ክንፉ የተኮማተረ ቢራቢሮ ነው።

ከዚህ ንግድ ማንም አልከበረም። ቢሆንም ለትምህርት ቤት ክፍያ፣ ለመድኃኒት፣ ለዶሮ መግዣ ሆኗል። ከሁሉም የሚበልጠው ደግሞ ደኑ ከተመነጠረ እናት ቢራቢሮዋ የለችም፤ ስለዚህ ይመንጠር ይል የነበረው ጎረቤት ደኑ እንዲቆም የራሱ ምክንያት አገኘ። እኔ በጉብኝቴ ያሳደገው ገበሬ ስም የተጻፈበት ምልክት አላየሁም። ቢኖር ደስ ባለኝ፤ ሠዓሊው ሥዕሉ ሥር ስሙን ያገኛል።

አሁን ወደ አገራችን ልምጣ። «እኛስ ለምን አናደርገውም?» ብለው እንደሚጠይቁኝ አውቃለሁ፤ እኔም ራሴን ጠይቄያለሁ። ካፋ፣ ያዩና ሸካ ላይ በዩኔስኮ የተመዘገቡ ደኖች አሉን፤ የጫካ ቡና የሚበቅልባቸው፣ በዙሪያቸው ገበሬ የሚኖርባቸው። ጽጌረዳ ሳይጠወልግ አውሮፓ የሚያደርስ የጭነት አየር መንገድ አለን። ሙያውም ባዕድ አይደለም፤ የመልካሳ የእርሻ ምርምር ማዕከል ሐር ትል ላይ ለዓመታት ሠርቷል፤ ጉሎ ቅጠል እየመገቡ ኤሪ የተባለውን የሐር ትል የሚያረቡ ገበሬዎች አሉ። ያ ትል ሲያድግ የሚሆነው የእሳት እራት፣ በሙዚየሞች ሰው ሁሉ ተሰብስቦ የሚያየው የአትላስ የእሳት እራት የቅርብ ዘመድ ነው።

ቢራቢሮዎቻችንም ዝም ብለው ቢራቢሮዎች አይደሉም። ፓፒሊዮ ዳርዳኑስ የሚባል ትልቅ የአፍሪካ ቢራቢሮ አለ፤ ወንዱ ገረጣ ያለ ቢጫ፣ የኋላ ክንፉ ባለ ጅራት። በአብዛኛው የአፍሪካ ምድር ሴቷ ጅራት የላትም፤ የመርዛማ ቢራቢሮዎችን ቀለም ለብሳ ወፍ ታታልላለች። በኢትዮጵያ ደጋማ ደኖች ያለችው ግን ትለያለች፤ አብዛኞቹ ሴቶች ወንዱን ይመስላሉ፤ ጥቂቶቹ የመርዛማዎቹን ቀለም ለብሰውም ጅራታቸውን አልጣሉም። አንድ ዝርያ አንዱን መልክ ትቶ ሌላውን እንዴት እንደሚይዝ ለሚመረምሩ ሰዎች የኛዋ ትልቅ ጉዳይ ናት። ፈረንሳዊው ሻርል ኦቤርቲዩር እ.ኤ.አ. በ1883 ለዚህች ዘር ስም ሲያወጣ በኦራዚዮ አንቲኖሪ ስም ሰየማት፤ አንቲኖሪ አንኮበር አጠገብ ልጥ ማረፊያ ላይ ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የሞተው ጣሊያናዊ ተጓዥ ነው። ስሟን ስንቶቻችን ሰምተናል?

ቢሆንም ነገ ተነስተን ፑፓ እንላክ አልልም። ገበያው ትንሽ ነው፤ ከላይ በሚመጣ አንድ ውሳኔም ይዘጋል። ታንዛኒያ ኡሳምባራ ተራሮች ላይ አማኒ የሚባል ተመሳሳይ ፕሮጀክት ነበር፤ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2016 የዱር እንስሳትን በሕይወት ወደ ውጭ መላክ ሲከለክል ቢራቢሮውም አብሮ ተከለከለ፤ ገበሬዎቹም ገበያ አጡ። ለእኔ የሚታየኝ ከዚያ ያነሰ ነገር ነው፤ በቦንጋ ወይም በጅማ አንድ የመረብ ቤት፣ የአካባቢው ቢራቢሮ፣ የአካባቢው ተክል፣ ጥቂት የሚከፍል ጎብኚ፣ በነፃ የሚገባ ተማሪ። የኒው ዮርኩ ቤት በክረምት ለማሞቂያ የሚያወጣውን እዚያ ፀሐይ በነፃ ትሰጣለች። ይህን ደብዳቤ የሚያነቡ የዩኒቨርሲቲ መምህር ወይም የደን ባለሙያ ካሉ ቢያስቡበት እወዳለሁ።

እርስዎ ግን መምህርም ባለሙያም ላይሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ የመጨረሻው ልመናዬ ለጓሮዎ ነው። አገር ቤት ካሉና በግቢዎ ሎሚ ወይም ብርቱካን ካለ ቅጠሉን ቀረብ ብለው ይዩ። የወፍ ኩስ የሚመስል ትንሽ ነገር ካገኙ ኩስ ላይሆን ይችላል፤ ምናልባት የሎሚ ቢራቢሮ ጨቅላ አባጨጓሬ ነው፤ ሲያድግ አረንጓዴ ይሆናል። አሜሪካ ካሉና እንደ ብዙዎቻችን በረንዳ ላይ በሸክላ ወይም በጓሮ ጤና አዳም ከተከሉ፣ በበጋው ወራት አረንጓዴ፣ ጥቁር ቀለበት ያለበት፣ በቀለበቱ ላይ ቢጫ ነጠብጣብ የተደረደረበት አባጨጓሬ ሊመጣብዎ ይችላል። ሲነኩት ከራሱ ሁለት ብርቱካናማ ቀንድ አውጥቶ ይሸታል፤ አይናደፍም፣ አይመርዝም። በዚህ አገር ጥቁሩ ባለ ጅራት ቢራቢሮ የሚባለው ልጅ ነው፤ ጤና አዳም፣ ድንብላልና እንስላል ይወዳል። በጥቂት ሳምንት ውስጥ ጠግቦ ይሄዳል፤ አጠገብ ካለ ግንድ ላይ በሐር ክር ወገቡን አስሮ ፑፓ ይሆናል። የተበላው ጤና አዳም መልሶ ያቆጠቁጣል።

መድኃኒት አይርጩበት፤ ልጅዎን ጠርተው ያሳዩት። ለቡናዎ የምትሆን ቅርንጫፍ አትጠፋም።

አክባሪዎ